የሚበራ የጌጅ ገጽ አገጣጠም፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ባለመኪኖች

አሮጌ ኮሮላ ወይም ሃይሉክስ የሚነዳ ሰው ማታ ማታ ከሚያማርርባቸው ነገሮች አንዱ ጌጁ፣ ማለትም ፍጥነት፣ ሙቀትና ነዳጅ የሚያሳየው የዳሽቦርድ ሰሌዳ፣ አልታይ ማለቱ ነው። ከጀርባ ካሉት ትንንሽ አምፖሎች ግማሾቹ ተቃጥለዋል፣ የቀሩትም ጠቁረዋል፤ የገጹ ቁጥር በዓመታት ፀሐይ ደብዝዟል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያለችን መኪና ተንከባክቦ ማቆየት ግድ ሆኗል። የሚበራ የጌጅ ገጽ መግጠም ካቻቢቴ መያዝ የለመደ ባለመኪና ራሱ ሊሠራው የሚችል ሥራ ነው።

ከመጀመሬ በፊት ግን የማምንበትን ልናገር። ሥራው ሲያዩት የመብራት ሥራ ይመስላል፤ ዋናው ነገር ግን ቀስቱ ነው። ገጹ ያማረ ሆኖ ቀስቱ 80 ሲያሳይ መኪናው 95 የሚበር ከሆነ፣ ወይም ሞተሩ እየፈላ የሙቀቱ ቀስት ግማሽ ላይ ተኝቶ ከቀረ፣ የድሮው ደብዛዛ ገጽ በስንት ጣዕሙ። ስለዚህ የሽቦውን ነገር በአጭሩ አልፌ ቀስቱ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

ምን ዓይነት ገጽ ይግዙ

ገበያ ላይ ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ ተራ የታተመ ፕላስቲክ ነው፤ ራሱ አይበራም፣ ከኋላው ያለው አምፖል ነው የሚያበራው። ሌላው ኢኤል የሚባለው ነው፤ ይኸኛው ገጹ ራሱ ይበራል። በጣም ስስ የሆነ ፊልም ሲሆን፣ በሁለት ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ንብርብሮች መካከል ፎስፈር የተባለ ዱቄት ተቀብቶበታል፤ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ሲደርሰው ፎስፈሩ ይበራል። የመኪና ባትሪ የሚሰጠው 12 ቮልት ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ስለሆነ ከገጹ ጋር ኢንቨርተር የሚባል ትንሽ ሳጥን አብሮ ይመጣል። ኢንቨርተሩ 12 ቮልቱን ወደ 100 ቮልት ገደማ ከፍ አድርጎ፣ በሴኮንድ ብዙ መቶ ጊዜ እያገላበጠ ለገጹ ይሰጣል። የሚያወጣው አምፔር ጥቂት ቢሆንም ይነዝራል፤ መብራቱ በርቶ ሳለ የገጹን ጫፍ ወይም የኢንቨርተሩን መውጫ በባዶ እጅ አይንኩ።

የኢኤል ጥሩ ጎኑ ብርሃኑ በገጹ ላይ እኩል መሰራጨቱ ነው፤ እዚህ ደመቅ እዚያ ጨለም የለም። መጥፎ ጎኑ ደግሞ ዕድሜው በበራበት ሰዓት ልክ እያለቀ መሄዱና እርጥበት አለመውደዱ ነው። ቀን በፀሐይ ፓርኪንግ መብራት አብርቶ የመሄድ ልማድ ያለው ሰው ገጹን ቶሎ ይጨርሰዋል።

ገጹን ከማዘዝዎ በፊት የራስዎን ጌጅ ፎቶ ያንሱ። ብዙ ጊዜ ዕቃው ደሴ ላይ ስለማይገኝ ከአዲስ አበባው የመኪና ዕቃ ገበያ ከሶማሌ ተራ ይታዘዛል፤ ሻጩ በስልክ «የኮሮላ ነው፣ ይሆናል» ቢልዎ አይበቃም። ኮሮላ ከኮሮላ ይለያያል። አርፒኤም (የሞተር ዙር ቆጣሪ) ያለው አለ፣ የሌለው አለ፤ የነዳጁ ጌጅ በግራ የሆነ አለ፣ በቀኝ የሆነ አለ፤ የአውቶማቲክ ማርሽ መብራት ያለው አለ። ከሁሉ በላይ የፍጥነቱ ቁጥር የሚያበቃበት ቦታ ከእርስዎ ጋር አንድ መሆን አለበት። የእርስዎ ጌጅ 180 ላይ የሚያበቃ ከሆነ 220 የተጻፈበት ገጽ ቢያምርም አይሆንም፤ ቁጥሮቹ የተቀመጡበት ማዕዘን ስለሚለያይ ቀስቱን በየትም ቢያዞሩት እውነቱን አይናገርም። በማይል የተጻፈም አይግዙ። ፎቶውን ሻጩ ከላከልዎ ፎቶ ጋር ጎን ለጎን አድርገው 60ኛው ቁጥር ከመሃሉ ቀዳዳ በየት አቅጣጫ እንደሆነ ያስተያዩ፤ እዚያ ላይ ከተለያዩ ሌላውን ማየት አያስፈልግም።

ምርጫ ካለዎት ከመሃሉ እስከ ጠርዙ የተሰነጠቀውን፣ ከቀስቱ ሥር ሸርተት ብሎ የሚገባውን ይግዙ። ቀስት ሳይነቀል ይገጠማል፤ የዚህ መመሪያ ከባዱ ክፍል ሙሉ በሙሉ ይቀርልዎታል። ዲጂታል ቁጥር ለሚያሳዩት የመጀመሪያዎቹ ቪትዞች እና እስክሪን ላላቸው የኤሌክትሪክ መኪኖች ይህ ሥራ አይመለከታቸውም።

ቀለሙን በተመለከተ፣ ሰማያዊና ደማቅ ነጭ ሱቅ ውስጥ ሲያዩት ያምራል። ማታ ግን፣ በተለይ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ባለው የሐረጎ አቀበት ላይ ጉም ሲወርድ፣ ከፊት ያለው ሁሉ ደብዝዞ ሳለ ደረትዎ ሥር ያለው ደማቅ ብርሃን ዐይንዎን ይይዘዋል፤ መስታወቱም ላይ ያንጸባርቃል። ጨለማ የለመደ ዐይን በቀይና በብርቱካናማ ብርሃን ብዙም አይረበሽም። ለአገራችን መንገድ እኔ የምመርጠው ብርቱካናማውን ነው፤ ያም ባይገኝ ብርሃኑን መቀነሻ ያለው ኢንቨርተር የግድ ነው።

ቦታ፣ ሰዓትና መሣሪያ

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ናት፤ በጠዋት ዳሽቦርድ መንቀል ክሊፕ መስበር ነው። የአሮጌ መኪና ፕላስቲክ በብርድ ደርቆ ስለሚያድር ትንሽ ሲጎትቱት ይሰነጠቃል። መኪናውን ፀሐይ ላይ አቁመው መስኮቱን ዘግተው ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይተዉት፤ ከዚያ ወደ እኩለ ቀን ሥራውን ይጀምሩ። ኮምቦልቻ ላይ ይህ ችግር ያን ያህል የለም፤ እዚያ የሚያስቸግረው አቧራና ነፋስ ነው። መስታወቱ ከተከፈተ በኋላ የገባ አቧራ ገጹ ሲበራ አንድ በአንድ ስለሚታይ ነፋስ በማይገባበት ቦታ ይሥሩ።

የሚያስፈልጉት ክሮስና ፍላት ካቻቢቴ፣ ጫፉ ያልተሳለ የፕላስቲክ ማንሻ፣ ሁለት እኩል የሆኑ የሻይ ማንኪያዎች፣ ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበት የወረቀት ፕላስተር፣ ስስ እርሳስ፣ ለስላሳ ንጹሕ ጨርቅ፣ ቴስተር (ቮልት መለኪያ)፣ የ1 አምፔር ፊውዝ ከነመያዣው፣ የሽቦ ፕላስተርና ካሜራ ያለው ስልክ ናቸው። ላብ የገጹን ቀለም ስለሚያበላሽ የጥጥ ጓንት ቢኖር ይመረጣል።

ሳይነቅሉ የሚነሡ ፎቶዎች

ይህን ዘለው አይለፉ። ሥራው ሲያልቅ ቀስቶቹ ወደ ቦታቸው መመለሳቸውን የሚመሰክሩልዎ እነዚህ ፎቶዎች ናቸው። ስልኩን በጌጁ መሃል ትክክል፣ ከፍም ዝቅም ሳያደርጉ ይያዙ፤ በጎን የተነሣ ፎቶ ቀስቱን ከቦታው የራቀ ያስመስላል።

የመጀመሪያውን ቁልፉ ተዘግቶ፣ ሁለተኛውን ቁልፉ ተከፍቶ ሞተሩ ሳይነሣ፣ ሦስተኛውን ደግሞ ሞተሩ በደንብ ሞቆ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ሲሠራ ያንሱ። ሁለተኛውን ጠዋት፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ባደረበት ሰዓት ማንሣት የሙቀቱን ቀስት መነሻ በትክክል ይይዝልዎታል። ነዳጅ ሞልተው ፎቶ ማንሣት ቢችሉ ጥሩ ነበር፤ ሰልፉ አላስኬድ ካለ ግን ያለውን መጠን እንዳለ ያንሱትና እስከ ሥራው መጨረሻ መኪናውን አያንቀሳቅሱ።

የጌጁን ቤት ማውጣት

የባትሪውን ነጋቲቭ ይፍቱ፤ ኤርባግ ያለው መኪና ከሆነ ከዚያ በኋላ ቢያንስ 90 ሴኮንድ ይጠብቁ። መሪው ወደ ታች የሚወርድ ከሆነ እስከ መጨረሻው ያውርዱት፣ በላዩ ወፍራም ጨርቅ ያልብሱት።

በጌጁ ዙሪያ ያለው ፍሬም በብዙ ቶዮታዎች ከላይ ወደ ውስጥ በሚያዩ ሁለት ብሎኖች የታሰረ ነው፤ ጎንበስ ብለው ካላዩ አይታዩም። እነሱን ፈትተው ፍሬሙን በእጅዎ ከታች በኩል ቀስ እያሉ ይሳቡት። አልመጣ ካለ የቀረ ብሎን አለ ማለት ነው፤ አይታገሉት፣ ይፈልጉት። ቀጥሎ የጌጁን ቤት የያዙትን ሦስት ወይም አራት ብሎኖች ይፍቱና ወደ እርስዎ ጠጋ ያድርጉት። ከኋላ ያሉትን የሽቦ ሶኬቶች መቆለፊያቸውን ተጭነው ሶኬቱን ራሱን ይዘው ያውጡ፤ ሽቦውን አይጎትቱ።

የድሮ መኪና ከሆነ ከማርሽ ሳጥን የሚመጣ የፍጥነት ኬብል ከጀርባው ተሰክቷል። እጅዎን አሾልከው የፕላስቲክ ምላሱን ሲጫኑ ይለቃል። ኬብሉ አጥሮ አላደርስ ካለዎት በሞተሩ በኩል ያለውን ማሰሪያ ላላ አድርገው ኬብሉን ወደ ውስጥ ይግፉት።

ከዚህ ጀምሮ ቁልፉን አይክፈቱ። ጌጁ ሳይሰካ ቁልፍ ሲከፈት በአንዳንድ መኪኖች ላይ የኤርባግ ወይም ሌላ የማስጠንቀቂያ መብራት በርቶ ይቀራል፤ እሱን ለማጥፋት ደግሞ ኮምፒዩተር ያለው ጋራዥ መፈለግ ሊኖርብዎ ነው።

ቤቱን ጠረጴዛ ላይ ፊቱን ወደ ላይ አድርገው ያስቀምጡት። ብዙ ጌጆች ውስጥ ቀስቱ እንዳይንቀጠቀጥ የተደረገ ወፍራም ዘይት ስላለ ፊቱን ደፍቶ ማሳደር ዘይቱን ወደ ገጹ ያመጣዋል። የመስታወቱን ክሊፖች ዙሪያውን አንድ በአንድ ያላቅቁ። መስታወቱን በውሃና በጥቂት ሳሙና ይጠቡት፤ በቤንዚን መወልወል የተለመደ ቢሆንም ፕላስቲኩን ያደበዝዘዋል፣ ካደበዘዘ በኋላም አይመለስም። የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን አይንኩ። ቁጥሩን መቀየር ቀጥሎ መኪናውን የሚገዛውን ሰው ማታለል ነው።

ቀስቱ

ባለስንጥቅ ገጽ የገዛ ሰው ይህን ክፍል ሊያልፈው ይችላል።

መጀመሪያ የፍጥነቱን ቀስት አጠገቡ ሆነው ይዩት። ዜሮ ላይ ትንሽ የብረት ወይም የፕላስቲክ ማቆሚያ ካስማ ታገኛላችሁ ብል አብዛኛው ሰው አስተውሎት አያውቅም፤ ግን አለ። ቀስቱ ካስማው ላይ ተደግፎ ቆሟል እንጂ ተፈጥሯዊ ማረፊያው እዚያ አይደለም። በጥፍርዎ ጫፍ ቀስቱን ከፍ አድርገው ካስማውን ካሻገሩትና ከለቀቁት ትንሽ ወደ ታች ወርዶ፣ ተወዛውዞ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል። እውነተኛ ማረፊያው ያ ነው። ፋብሪካው ቀስቱን እዚያ ሰክቶ ነው አንሥቶ ካስማው ላይ ያስደገፈው። ቀስቱን ነቅሎ ቀጥታ ዜሮ ላይ የሚሰካ ሰው ከካስማው በታች ያለውን ያን ትንሽ ርቀት ይሰርዛል፤ ከዚያ በኋላ ጌጁ በየትኛውም ፍጥነት ላይ ውሸታም ይሆናል።

ስለዚህ እንዲህ ያድርጉ። ቀስቱን ካስማ ያሻግሩት፣ ይቁም። ጫፉ ካረፈበት ጎን፣ ከገጹ ውጭ ባለው የቤቱ ጠርዝ ላይ፣ የወረቀት ፕላስተር ለጥፈው በስስ እርሳስ መስመር ያስምሩ። ገጹ ላይ አያስምሩ፤ አዲሱ ሲደረብበት ምልክቱ ይሸፈናል። ለአርፒኤሙም፣ ለሙቀቱም፣ ለነዳጁም ያለበትን እንዲሁ ምልክት ያድርጉ። የሙቀትና የነዳጅ ቀስቶች ብዙ ጊዜ ካስማ የላቸውም፤ አንዳንዶቹ ቁልፉ ሲዘጋ እንኳ ወደ ዜሮ ሳይመለሱ በነበሩበት ይቀራሉ። እነዚህን በጉልበት ማዞር ውስጡ ያለውን ስለሚያበላሽ እንዳሉ ምልክት አድርገው ብቻ ይንቀሏቸው።

መንቀሉ እንዲህ ነው። በቀስቱ መሃል ባለው ክብ ቆብ ግራና ቀኝ የታጠፈ ጨርቅ ገጹ ላይ ያድርጉ። ሁለቱን የሻይ ማንኪያዎች ጀርባቸውን ጨርቁ ላይ አሳርፈው ጫፋቸውን ከቆቡ ሥር ያስገቡ። ከዚያ ሁለቱንም እጀታ በአንድ ጊዜ፣ እኩል ኃይል እየሰጡ ወደ ታች ይጫኑ። መጀመሪያ ምንም የሆነ አይመስልም፤ ትንሽ ሲጨምሩበት «ጠቅ» ብሎ ቀጥ ብሎ ይወጣል። አንዱን ማንኪያ አስቀድመው ከተጫኑ ግን ዘንጉ ይጎብጣል። ዘንጉ ከስፌት መርፌ አይወፍርም፤ ከጎበጠ ቀስቱ ሲዞር አንድ ቦታ ላይ ገጹን እየነካ ይቆማል። በኬብል የሚሠራ የድሮ የፍጥነት ጌጅ ከሆነ ቀስቱን እያዞሩ ለማውጣት ፈጽሞ አይሞክሩ፤ ከሥሩ ያለው ፀጉር የምታህለው ጥቅል ስፕሪንግ ቅርጿን ካጣች ጌጁ አይስተካከልም።

የወጡትን ቀስቶች በየስማቸው ወረቀት ላይ ያስቀምጡ። የአርፒኤሙና የፍጥነቱ ሲታዩ አንድ ቢመስሉም የቆባቸው ቀዳዳ ጥልቀት ሊለያይ ይችላል።

ገጹን ማሳረፍ

አዲሱን ገጽ ከማሳረፍዎ በፊት ከኢንቨርተሩ ጋር አገናኝተው በ12 ቮልት ባትሪ ያብሩት፤ ሁሉም ክፍል መብራቱን ይዩ። ኢንቨርተሩን ገጹ ሳይሰካበት አያብሩት፤ ጭነት የሌለው ኢንቨርተር ሊቃጠል ይችላል።

የድሮው ገጽ ከሥር ይቆይ፤ አዲሱ በላዩ ይደረባል። መሃል ያሉት የዘንግ ቀዳዳዎች ከዘንጉ ጋር እኩል መሆናቸውን፣ ገጹ ጠፍጣፋ ሆኖ መተኛቱን ይመልከቱ። አንድ ቦታ ካበጠ ቀስቱን ይይዘዋል። ቀዳዳው ጠበበ ብለው በመቀስ አይቁረጡ፤ የኢኤል ፊልም ሲቆረጥ ሁለቱ ንብርብሮች ጠርዙ ላይ ይነካካሉ፣ እርጥበትም በዚያ ይገባል። ከገጹ የሚወጣውን ስስ የሽቦ ምላስ በሰፊው አዙረው ያውርዱት እንጂ አይጠፉት፤ እጥፉ ላይ ይቆረጣል።

ገጹ ብዙውን ጊዜ ከጀርባው ማጣበቂያ ይዞ ይመጣል። ማጣበቂያውን የሚሸፍነውን ወረቀት የሚልጡት ሁሉንም አስተካክለው ካዩ በኋላ ነው።

ቀስቶቹን ሲመልሱ የፍጥነቱን ከምልክቱ ትይዩ አድርገው በጣት ለስለስ ብለው ይሰኩት፤ እስከ መጨረሻው አይጫኑት። ዘንጉ ከቀስቱ ጋር ሲወዛወዝ ምልክቱ ላይ ተመልሶ እንደሚቆም ካዩ በኋላ አንሥተው ካስማውን ያሻግሩት። በቆቡና በገጹ መካከል 1 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ይተዉ።

አዲስ መኪኖች ላይ ቀስቱን የሚያዞረው በኤሌክትሪክ ደረጃ በደረጃ የሚዞር ትንሽ ሞተር ነው፤ ቁልፉ ሲከፈት ራሱ ዜሮውን ይፈልጋል። እዚህ ላይ መስታወቱ ሳይገጠም ሶኬቶቹን ሁሉ ሰክተው፣ ባትሪውን መልሰው፣ ቁልፉን ከፍተው ዘንጎቹ ዜሮ ላይ ሲቆሙ ቀስቶቹን መሰካት ነው ትክክሉ።

ሽቦው

ኢንቨርተሩ ሁለት የኃይል ሽቦ አለው። ጥቁሩን ሽቦ ቀለም በሌለው ንጹሕ የቦዲ ብሎን ላይ ይሰሩት። ቀዩን ፓርኪንግ መብራት ሲበራ ብቻ 12 ቮልት ከሚያገኝ ሽቦ ጋር ያገናኙ። ይህን ሽቦ ለማግኘት ቴስተሩን ይዘው መብራቱን ያብሩ፣ ያጥፉ፤ ሲበራ 12፣ ሲጠፋ 0 የሚለው እሱ ነው። ቶዮታ ላይ ፊውዝ ሳጥኑ ውስጥ «ቴይል» ከተባለው ፊውዝ የሚወጣው ነው። የመኪናዎ ጌጅ ብርሃን መቀነሻ ካለው፣ የሚያገናኙት ከመቀነሻው በፊት ካለው ሽቦ ይሁን፤ ኢንቨርተሩ ከመቀነሻው የሚመጣውን የተቆራረጠ ኤሌክትሪክ አይወደውም፣ ይብለጨለጫል። ቀዩ ሽቦ ላይ የ1 አምፔር ፊውዙን ያስገቡ። ያለ ፊውዝ ያገናኙት ሽቦ ቢላጥና ቦዲ ቢነካ የሚቀልጠው ዳሽቦርዱ ውስጥ ነው።

የድሮዎቹን አምፖሎች ሁሉ አውጥተው አይጣሉ። በብዙ መኪኖች ቀስቱ የሚበራው ከኋላ ካለው አምፖል በሚመጣ ብርሃን ስለሆነ፣ አምፖሎቹ ከወጡ ገጹ ደምቆ ቀስቱ ጨለማ ውስጥ ይቀራል። የተቃጠሉትን በአዲስ ይተኩ። ኤልኢዲ ከተጠቀሙ ፖዘቲቭና ነጋቲቭ ስላለው አልበራ ያለውን ገልብጠው ይሰኩት። አንድ አምፖል ግን ኤልኢዲ አይደረግም፤ የባትሪ ምልክት ያለበት የቻርጅ መብራት። በድሮ መኪኖች ዲናሞው ቻርጅ ማድረግ የሚጀምረው በዚያ አምፖል ውስጥ በሚያልፈው ኤሌክትሪክ ነው፤ ኤልኢዲ ሲገባበት የሚያልፈው በጣም ስለሚያንስ ዲናሞው ላይነሣ ይችላል።

ኢንቨርተሩን ከሬዲዮውና ከአንቴና ሽቦው አርቀው በፕላስቲክ ማሰሪያ ይሰሩት። ሲሠራ ቀጭን የሲር ድምፅ ያሰማል፤ ጤነኛ ነው።

እውነቱን ማረጋገጥ

ሁሉንም መልሰው ከገጠሙ በኋላ ቆመው የሚያዩት ሦስቱን ፎቶዎች ነው። ቁልፍ ተዘግቶ፣ ተከፍቶ፣ ሞተሩ ሞቆ፤ ቀስቶቹ ከፎቶው ጋር መግጠም አለባቸው። አርፒኤሙ ሞተሩ ሞቆ ሲቆም በብዙ የቤንዚን መኪኖች ከ650 እስከ 850 ባለው ውስጥ ነው፤ ያም ሆኖ የእርስዎን ፎቶ ይመኑ።

ፍጥነቱን በስልክ ጂፒኤስ ያመሳክሩ። ለዚህ ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ የሚወስደው መንገድ ከሐረጎ ይልቅ ይመቻል፤ ጠመዝማዛና አቀበት ላይ የስልኩ ቁጥር ከመኪናው ኋላ እየቀረ ያሳስታል። ስልኩን የሚያነበው አጠገብዎ የተቀመጠው ሰው ነው፤ እርስዎ መንገዱን ይዩ። በ40፣ በ60 እና በ80 ፍጥነቱን ሳይለዋውጡ ጥቂት ሴኮንዶች ይያዙና ሁለቱን ቁጥሮች ያጻፉ።

በተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ ቁጥር 39 መሠረት የፍጥነት ጌጅ ከእውነተኛው ፍጥነት በታች ማሳየት የለበትም፤ በላይ ቢያሳይ ግን እስከ እውነተኛው ፍጥነት አንድ አሥረኛና ተጨማሪ 4 ኪሎ ሜትር ድረስ ይፈቀዳል። ስልኩ 60 ሲል ጌጁ ከ60 እስከ 70 ባለው ውስጥ ካለ ደህና ነው ማለት ነው። ከዚያ ወጣ ካለ ቁጥሮቹን አስተያዩ። ልዩነቱ በ40ም፣ በ60ም፣ በ80ም ተመሳሳይ ከሆነ፣ ለምሳሌ ሁሌም 6 የሚያንስ ከሆነ፣ ቀስቱ ያለቦታው ተሰክቷል፤ ነቅለው ያስተካክሉት። ፍጥነቱ በጨመረ ቁጥር ልዩነቱም የሚያድግ ከሆነ ግን ቀስቱን አይንኩት፤ ጎማው ልኩ ተለውጧል ወይም ገጹ የዚያ መኪና አይደለም።

የሙቀቱን ቀስት ደግሞ ሐረጎ ይመረምርልዎታል። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ መንገድ ደሴ እስኪደርሱ ከ600 ሜትር በላይ ይወጣሉ። ክፍት ድስት ውስጥ ውሃ ኮምቦልቻ ላይ በ94፣ ደሴ ላይ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ራዲያተር ውስጥ ያለው ውሃ ከ110 በላይም ሳይፈላ የሚቆየው ክዳኑ ግፊት ስለሚይዝ ነው፤ የክዳኑ ላስቲክ ካረጀ ውሃው ቀስቱ ገና ቀይ ሳይነካ ይፈላል። በዚህ ላይ ቀስቱ ዝቅ ብሎ ከተሰካ ማስጠንቀቂያ የሚባል ነገር አይኖርም። አንድ የሚኒባስ ሹፌር ገጹን አስቀይሮ በማግስቱ ሙሉ ተሳፋሪ ይዞ ሐረጎን ሲወጣ እንፋሎቱ ከኮፈኑ ሥር ወጣ፤ ረዳቱ «ወንድሜ ጭስ!» እያለ ሲጮህ የሙቀቱ ቀስት ግማሽም አልደረሰም ነበር። ቀስቱ የተሰካው ከቦታው በሁለት ቀስት ውፍረት ያህል ዝቅ ብሎ ነው።

ስለዚህ ከሥራው በኋላ የመጀመሪያውን አቀበት ያለ ጭነት ይውጡት። የኦቢዲ ሪደር (የመኪናውን ኮምፒዩተር የሚያነብ መሣሪያ) ከሰው ተውሰው ቢሰኩ የውሃውን ሙቀት በዲግሪ ያነብልዎታል። በብዙ አዳዲስ መኪኖች ቀስቱ ከ75 እስከ 105 ዲግሪ ገደማ መሃል ላይ እንዲቆም ተደርጎ የተሠራ ስለሆነ፣ መሃል ላይ መቆሙ ብቻ በትክክል መሰካቱን አያሳይም። ቀዝቅዞ ካደረ ሞተር ጀምሮ እስኪሞቅ ድረስ ያለውን አወጣጥ ነው ከፎቶዎ ጋር የሚያስተያዩት።

ሲበላሽ

መብራቱ ጉድጓድ ላይ ብልጭ ድርግም ካለ ጥቁሩን ሽቦ ይዩ፤ ብሎኑ ሥር ቀለም ቀርቷል ወይም ላልቷል። ሬዲዮ ላይ የሚሰማ ጩኸት መብራቱ ሲጠፋ አብሮ ከጠፋ ኢንቨርተሩን ከአንቴናው የበለጠ ያርቁት። አንድ ቀስት ሁሌ አንድ ቁጥር ላይ ሲደርስ የሚይዘው ከሆነ ገጹ እዚያ ላይ አብጧል ወይም ቆቡ በጣም ተጭኗል፤ ቆቡን በሁለቱ ማንኪያዎች በጥቂቱ ያንሡት።

ከገጹ አንዱ ክፍል ብቻ አልበራ ካለ የምላሱን ሶኬት አውጥተው መልሰው ይሰኩት። ካልተመለሰ ምላሱ እጥፉ ላይ ተቆርጧል፤ በብየዳ አይጠገንም፣ ሙቀቱ ፊልሙን ያቀልጠዋል። ጠርዙ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ታይቶ ቀስ በቀስ ወደ መሃል የሚሰፋ ከሆነ እርጥበት ገብቶበታል፤ የመስታወቱ ክሊፖች ሁሉ መያዛቸውን ሳያረጋግጡ አዲስ ገጽ አይግዙ፤ አለዚያ ክረምት ሲመጣ እሱም ያው ይሆናል።